ከመቶ 19

ለሰርጀሪ ሬዚደንሲ፣ ማለትም ለቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ፣ መግቢያ ፈተና ላነብ ቆርጬ ስነሳ መጀመሪያ ያደረግኩት ማንበብ አይደለም። ማቴሪያል መሰብሰብ ነው። ያልገባሁበት የቴሌግራም ቻናል አልነበረም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስልኬ በፒዲኤፍ ጢም ብሎ ፎቶ አላነሳ አለ። የሠርጋችንን ቪዲዮ አጥፍቼ ቦታ አስለቀቅኩ። ባለቤቴ ይህን እስካሁን አታውቅም፤ አደራ።

ቤይሊ ኤንድ ላቭ የሚባለውን የቀዶ ሕክምና መጽሐፍም ከአንድ ሲኒየር ተውሼ ነበር። የዚህ መጽሐፍ ስሙ ላይ በእንግሊዝኛ «አጭር» የሚል ቃል አለበት። በፈረንጆች 1932 መጀመሪያ ሲወጣ እንጃ፣ ዛሬ ግን ከሺህ ገጽ በላይ ነው። ዲዩቲ ላይ ትራስ አድርጌው አንገቴን አሞኛል።

ስለዚህ አቋራጩን መረጥኩ። የድሮ ፈተና! ሰፈራችን ካለ ኮፒ ቤት 100 ጥያቄ ከነመልሱ አሳትሜ አስጠረዝኩ። መልሱ ፊደል ብቻ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ።

ማታ ሠርቼ አረምኩት። ከመቶ 19። ዓይኔን ጨፍኜ ባከብ እንኳ 25 አላጣም ነበር።

መልሱን መጠርጠር አልመጣልኝም፤ ራሴን ጠረጠርኩ። ጋይድላይን ይቀየራላ! ቴንሽን ኒሞቶራክስ (ደረት ውስጥ የታፈነ አየር ሳንባና ልብን ሲጫን) ሲገጥመን ለአዋቂ መርፌው ሁለተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት ላይ ይገባል ብለን ነው የተማርነው። በፈረንጆች 2018 የወጣው ኤቲኤልኤስ የሚባለው የአደጋ ሕክምና መመሪያ ወደ ብብት ሥር ወስዶ አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ አደረገው። ለተቃጠለ አዋቂ በኪሎና በተቃጠለው ገላ መቶኛ 4 ሚሊ ሊትር እያልን ስናሰላ የኖርነውንም ፈሳሽ በ2 ጀምሩ ብሏል። እኔ ዲዩቲ ላይ ሳለሁ ስንቱ ተቀይሮ ይሆን? ብዬ መልሶቹን እንደ ዳዊት ደገምኳቸው።

ሰኞ ሞርኒንግ (የጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ) ላይ ሰርጀኑ ስለዚሁ ኒሞቶራክስ ጠየቁ። እጄን ቀድሜ አወጣሁ።

«መጀመሪያ የደረት ኤክስሬይ እናስነሳለን።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰርጀኑ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የት ነው የምታስነሳው? አስከሬን ክፍል?»

እንዲህ ያለ ታካሚ መርፌ እንጂ ፊልም የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ኢንተርን ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ኮፒ ቤት ሳልሄድ በፊት አውቀው ነበር።

ማታ ባለቤቴ አንጀቷን በላኋት መሰለኝ፣ «እስቲ አምጣው፣ እኔ ልጠይቅህ» አለች። አካውንታንት ናት። ጥያቄ 62 ላይ ሽንት የዘጋባቸው የ70 ዓመት አዛውንት አሉ።

«ዲ» አልኩ።

መልሱን አየች። ልክ ነው። ግን አላለፈችም። ጥራዙን ወደ መብራቱ አስጠግታ እንደገና አነበበች።

«እኚህ አዛውንት ስንት ወራቸው ነው?»

«ምን?»

ከዲ ጎን አንድ ሰው በእስክሪብቶ «አራተኛ እርግዝናዋ ስለሆነ» ብሎ ጽፏል። ለካስ ሳምንቱን ሙሉ የሸመደድኩት የማህፀንና ጽንስ መልስ ነው።

በማግስቱ እየተናደድኩ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ዓይኑ የቀላ፣ ጋውኑን ክንዱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ወጣት ከኮፒ ቤቱ ልጅ ጋር ይጨቃጨቃል። እጁ ላይ እንደኔው ያለ ጥራዝ ይዟል። ተያየን።

«ማህፀን ነህ?» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ።

«ስንት አገኘህ?»

«14።»

እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ደስ አለኝ።