የፓክማን መታጠፊያዎችና የጆይስቲኬ ነገር

ለረጅም ጊዜ አላልፍ ያለኝን የፓክማን ደረጃ ሰሞኑን ስለተሻገርኩ፣ የቀደምት የሳንቲም ጌሞች ፍቅር ላለባችሁ ሁሉ የረዳኝን ነገር ላካፍላችሁ ወደድኩ። እ.ኤ.አ. በ1972 ከወጣው ፖንግና በ1978 ከተከተለው ስፔስ ኢንቬደርስ ጋር ያሳለፍኩትን ጊዜ በዝርዝር አላነሳም። ሆኖም የስፔስ ኢንቬደርስ ጠላቶች ቁጥራቸው ባነሰ መጠን የሚፈጥኑት ፕሮሰሰሩ የሚስለው ነገር ስለሚቀልለት መሆኑን ሳውቅ፣ ለእነዚያ ማሽኖች ያለኝ አድናቆት እጅግ ጨመረ።

ያስቸገረኝ መታጠፍ ነበር። በጌሙ ፓክማን የተባለው ገጸ ባሕርይ ከሚያሳድዱት አራት መናፍስት እየሸሸ በመንገዶቹ ላይ ያሉትን ነጥቦች ይበላል፤ እያንዳንዷን ነጥብ ሲበላም ለአንድ ፍሬም (ለአንዲት የስክሪን ምስል ያህል) ይቆማል፤ ስለዚህ ነጥብ በሞላበት መንገድ ላይ አሳዳጁ እየቀረበ ይመጣል። ይህን ርቀት ማስመለስ የሚቻለው በመታጠፊያዎች ላይ ነው፤ የጆይስቲኩን እጀታ ከመገናኛው ትንሽ ቀደም ብሎ ያዞረ ተጫዋች ማዕዘኑን አቋርጦ ያልፋል፣ መናፍስቱ ግን ይህን ማድረግ አይችሉም። እኔ ደግሞ ቀድሜ ባዞርም ፓክማን መታጠፊያውን አልፎ ቀጥ ብሎ ይሄድብኝ ነበር። የናምኮው ቶሩ ኢዋታኒ በ1980 ያወጣው ይህ ጌም የተሠራው ለባለአራት አቅጣጫ ጆይስቲክ ሲሆን፣ የእኔው ባለስምንት ነው፤ ከግራ ወደ ላይ ስገፋው በሰያፍ ስለሚያልፍ የሁለቱ አቅጣጫዎች ማብሪያዎች በአንድ ጊዜ ይነካሉ። መፍትሔው ከእጀታው ግርጌ ያለችውን አቅጣጫ የምትገድብ ፕላስቲክ ፈትቶ 45 ዲግሪ አዙሮ መግጠም ሆነ። አሁን እጀታው ወደ መሃል ተመልሶ ካልሆነ በቀር ወደ ላይ አይሄድም፤ የአንዱ ማብሪያ ቀጭታ ካበቃ በኋላ የሌላው ሲሰማ እጄ መታጠፉን ከዓይኔ ቀድሞ ያውቃል። ሁሉም ጆይስቲክ ይህን አይፈቅድምና ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።

መስመር በቃል ሸምድዶ መጫወትን አልደግፍም። ጌሙ ለተመሳሳይ እንቅስቃሴ ተመሳሳይ ምላሽ ስለሚሰጥ መሸምደዱ እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የጌሙ ውበት ያለው በመናፍስቱ ጠባይ ውስጥ ነው። ቀዩ በቀጥታ ያሳድዳል፣ ሮዟ ከፓክማን ፊት አራት ካሬ ቀድማ ታልማለች፣ ብርቱካናማው ደግሞ ስምንት ካሬ ያህል ሲቀርብ ወደ ታችኛው ግራ ጥግ ያፈገፍጋል። ሰማያዊው የፓክማንንም የቀዩንም ቦታ አጣምሮ ስለሚያሰላ እስካሁን የምሸሸው በግምት ነው፤ በእርሱ ጉዳይ ምክር ልሰጣችሁ አልችልም።

አሁን የምለማመደው መናፍስቱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ የሚዞሩበትን ቅጽበት ማየት ነው። ኃይል ሰጪ ነጥብ (ሲበላ ራሱ መናፍስቱን አስፈርቶ የሚያዞራቸው ትልቁ ነጥብ) ሳልበላ ይህ ከሆነ ከማሳደድ ወደየጥጋቸው መበተን ወይም ከመበተን ወደ ማሳደድ ተሸጋግረዋል ማለት ስለሆነ፣ ሲበተኑ አደገኛውን የመሃል ክፍል ለማጽዳት እጠቀምበታለሁ።