ሳልጠይቅ የቆረጥኳቸው አራት ፍሬዎች

ሐምሌ 2011 ዓ.ም. ነበር። ጅማ ላይ ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ቀንና ሌሊት አይለይም፤ አዌቱ ወንዝ ጭቃ ተሸክሞ ይሞላል፣ የጉድጓድ ውሃ ይደፈርሳል፣ እኛ መድኃኒት ቤት ደግሞ ሆዴን ብሎ የሚመጣው ሰው ይበዛል። የምሠራበት ቤት ከመርካቶ ብዙ አይርቅም። ቀኑ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን ነው። ከባንኮኒው ፊት ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል። አንዱ የሐኪም ወረቀት ከሰው ትከሻ በላይ ይዘረጋልኛል፤ ሌላው «የኔ የራስ ምታት ብቻ ነው፣ ቶሎ ሸኘኝ» ይለኛል። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ምሳ ወጥታለች፤ ብቻዬን ነኝ።

እማማ የገቡት በዚህ መሀል ነው። በመናኸሪያው በኩል የጀበና ቡና የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ እኔም ጓደኞቼም ቡናቸውን መጠጣት ከጀመርን ሁለት ዓመት አልፎናል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አስረው፣ አንድ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«የኔ ልጅ፣ የሆድ ማስቆሚያ ስጠኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ተቅማጥ ብቻ ሆነ» አሉኝ።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው?»

«ኧረ ቁጥርም የለው።»

ከሎፐራማይዱ፣ ተቅማጥ ከሚያስቆመው መድኃኒት፣ ስትሪፕ ላይ አራት ፍሬ በመቀስ ቆረጥኩ። ወረቀት ፖስታ ውስጥ ከትቼ በላዩ ላይ «መጀመሪያ 2፣ ከዚያ ባስቀመጠ ቁጥር 1» ብዬ ጻፍኩ። «ውሃ ደጋግመው ይጠጡ እማማ» አልኳቸው። መረቁኝና ወጡ። አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀብኝም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ስከፍት እማማ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ጀርባቸው ላይ ሕፃን አዝለዋል። የልጃቸው ልጅ ነው፤ እናቱ በማለዳ ለሥራ ስለምትወጣ የሚውለው ከእሳቸው ጋር ነው። ዓመት ከአራት ወሩ ነበር።

«ተቅማጡስ ቆመለት» አሉ። «ግን አልነቃ አለኝ።»

ያቺን «ለት» ስሰማ እጄ ቀዘቀዘ።

ልጁን አውርደን ባንኮኒው ላይ አስተኛነው። ሆዱ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ዓይኑን በግማሽ ይከፍትና መልሶ ይከድነዋል። እግሩን ቆንጠጥ ሳደርገው ፊቱን አኮማተረ እንጂ አላለቀሰም። ትንፋሹ ዝግ ያለ ነው። ምን እንደሰጡት ጠየቅኳቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ፖስታውን አወጡ። በላዩ ያለው የእጄ ጽሕፈት ነው። ውስጡ ሦስት ፍሬ ቀርቷል።

«ለትልቅ ሰው ሁለት ከሆነ ለሕፃን ግማሽ ይበቃዋል ብዬ፣ ፍሬዋን ከፍቼ ግማሹን በስኳር ውሃ አጠጣሁት። ሌሊት ሲደግመው የቀረውን ጨመርኩለት።»

ይህንን ስጽፍ እስከ ዛሬ የሚያመኝ እዚህ ላይ ነው። እማማ ግዴለሽ ሴት አይደሉም። አስበው፣ አስልተው፣ ከትልቅ ሰው መጠን ሩቡን ብቻ የሰጡ አያት ናቸው። የጻፍኩትን አንብበው በጻፍኩት ላይ ተመሥርተው ነው የቀነሱት። እኔ ግን የጻፍኩት ለማይመለከተው ሰው ነበር።

ባጃጅ ይዘን ወደ ሆስፒታል በረርን። ፖስታውንና የተቆረጠበትን ስትሪፕ ይዤ ነበር፤ ከዚያን ቀን ሥራዬ ሁሉ የማልጸጸትበት ይህ ብቻ ነው። የተቀበለን ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀው ምን እንደወሰደ፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሆነ ነው። አንዱ ፍሬ 2 ሚሊግራም ነው፤ ግማሹ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ግማሹ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ። ስትሪፑ በእጄ ባይኖር እማማ ሊሉ የሚችሉት «የሆድ ማስቆሚያ» ብቻ ነበር። በአፉ ምንም እንዳይሰጠው ከልክለው በደም ሥሩ ፈሳሽ ሰጡት፤ ትንፋሹን ቀኑን ሙሉ ሲከታተሉ ዋሉ። እሑድ ጠዋት አየር ወጣው፣ ሆዱ ለሰለሰ፣ እናቱን አይቶ አለቀሰ። ያንን ለቅሶ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት።

ከዚያ በፊት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ኮሪደሩ ላይ ከእማማ ጋር ተቀምጠን ሳለ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንተንም ሥራ አስፈታሁህ» አሉኝ። አይደለም አልኳቸው፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩዎትም። ትንሽ አሰቡና፣ «እውነትህን ነው፤ ብትጠይቀኝማ እነግርህ ነበር» አሉ። ወቀሳ አልነበረበትም። ነገሩ እንደዚያ ስለሆነ ብቻ ነው ያሉት።

እኔ ለምን አልጠየቅኩም? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ወረፋው አንድ ነገር ነው፤ ግን ወረፋ በሌለበት ቀንም አልጠይቅም ነበር። አነጋገራችን በሽተኛውን ይሸሽጋል። «የሆድ ማስቆሚያ» ስንል ሆዱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። እማማ «ያስቀምጠኛል» ወይም «ያስቀምጠዋል» ብለው ቢሆን ኖሮ አንዲት ፊደል ሁሉንም ትነግረኝ ነበር። «ተቅማጥ ብቻ ሆነ» ነው ያሉት። እጃቸው ሆዳቸው ላይ ስለነበረ የቀረውን እኔው ሞላሁት። ከባንኮኒው ማዶ የቆመው ሰው በሽተኛው ነው ብሎ መነሣት የሥራችን ትልቁ ስህተት ይመስለኛል፤ በተለይ ጅማ ውስጥ አንድ ሰው ገበያ ሲወጣ ለጎረቤትም፣ ለአማትም፣ ገጠር ላለ ዘመድም መድኃኒት ይዞ ይመለሳል።

መቀሱም አለበት። ስትሪፕ ስንቆርጥ ስሙ፣ መጠኑ፣ የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት ወገን ብዙ ጊዜ እኛው ጋ ይቀራል፤ ማስጠንቀቂያው የታተመበት ወረቀት ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ ይቀራል። ሰው ቤቱ የሚደርሰው ፍሬው ብቻ ነው።

ሎፐራማይድ ራሱ በቦታው ጥሩ መድኃኒት ነው። ትኩሳትም ደምም የሌለው ተቅማጥ ይዞት 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ጤነኛ ጎልማሳ እኔም እሰጣለሁ። የሚሠራው የአንጀት ግድግዳ ላይ ያሉትን፣ ሞርፊን የተባለው ከባድ የሕመም ማስታገሻ የሚይዛቸውን ተቀባዮች ይዞ የአንጀትን እንቅስቃሴ በማዘግየት ነው። በተገቢው መጠን ሲወሰድ የትልቅ ሰው አንጎል መድኃኒቱን አያስገባውም። የሕፃን አንጎል ግን እንዲህ ያለ አስተማማኝ በር ገና የለውም፤ ስለዚህ ያደነዝዘዋል፣ ትንፋሹን ያዘገያል፣ አንጀቱም ጨርሶ ሊቆም ይችላል። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የማይሰጠው ለዚህ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጠው ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ብቻ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ፓኪስታን ውስጥ የሎፐራማይድ ጠብታ የወሰዱ ሕፃናት አንጀታቸው ቆሞ ሞተው፣ የሕፃናት ጠብታው ከገበያ እንዲነሣ ምክንያት ሆኗል። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ።

ደግሞም የእማማን የልጅ ልጅ የሚያስፈልገው ማስቆሚያ አልነበረም። ተቅማጥ ልጅ የሚገድለው በሚወጣው ውሃና ጨው ነው። አንጀቱን ብናቆመው ፈሳሹ እዚያው ይጠራቀማል እንጂ ወደ ደም አይመለስም፤ ተቅማጡ የጠፋ ይመስላል፣ ልጁ ግን እየደረቀ ነው። የሚመልሰው ኦአርኤስ ነው፣ ያ በውሃ የሚበጠበጥ፣ በትንሽ ዋጋ የምንሸጠው የጨውና የስኳር ዱቄት ከረጢት። በ1971 እ.ኤ.አ. በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ሕንድ ድንበር ላይ ባለው የቦንጋኦን የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ገብቶ የደም ሥር ፈሳሽ ሲያልቅ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ስኳር በውሃ አስበጥብጠው በቤተሰቦቹ እጅ አስጠጡ። ከመቶው ሠላሳ ያህል የነበረው ሟች ከአራት በታች ወረደ። ስኳሩ ጨውን በአንጀት በኩል ይዞ ይገባል፣ ውሃው ይከተላቸዋል፤ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ከረጢቱን መስጠት ብቻ ግን አይበቃም። አንዷ እናት አንዱን ከረጢት በአንድ ብርጭቆ በጥብጣ ስትሰጥ ሰንብታ ልጁ ይበልጥ ሲጠማው መጥታ ነግራኛለች። ጨው የበዛበት ልጅ ይጎዳል። አሁን ስሸጥ «የአንድ ሊትር ሃይላንድ ቤት አለ?» እላለሁ። አንድ ከረጢት ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን ይመረጣል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከሩብ እስከ ግማሽ ትልቅ ብርጭቆ ያህል፣ በማንኪያ ቀስ እያሉ፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይተው እንደገና። ጡት አይቋረጥም። ዚንክ ደግሞ ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊግራም ከ10 እስከ 14 ቀን፤ ተቅማጡ ቢቆምም ይጨርሰዋል። ለስላሳ መጠጥ አይሆንም፤ ስኳሩ ስለሚበዛ ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፣ ተቅማጡን ያብሳል። ዓይኑ ጎድጉዶ፣ መጠጣት አቅቶት፣ ሽንት ጠፍቶ፣ ወይም ደም ታይቶ ከሆነ እኔ ጋ ምንም አይፈልጉም፤ ጤና ጣቢያ ነው።

ለትልልቆቹም ጥያቄው አልቀረም። ደም አለው ወይ? ያተኩሳል ወይ? አንጀትን የሚያቆስል ተህዋስ ካለበት ማስቆሚያው ጠላቱን እቤት ዘግቶ እንደማቆየት ነው። አልቆመልኝም ብሎ የሚደራርበውም ብዙ ነው፤ ያለ ሐኪም የሚወሰደው ጣሪያ በቀን 8 ሚሊግራም ነው፣ አራት ፍሬ። በጣም ከበዛ የልብን ምት ያዛባል። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ ለጨጓራው የፀረ አሲድ ሽሮፕ ጠየቀኝ፤ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ስጠይቀው ለወገቡ ዲክሎፌናክ፣ ጨጓራን ሊያደማ የሚችል የሕመም ማስታገሻ፣ ከወር በላይ በየቀኑ እየዋጠ ነው። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ሦስት ቀኑ ነበር። ሽሮፑን አልሸጥኩለትም፤ ያን ቀን መኪናውን አቁሞ ሆስፒታል እንዲሄድ ለመንኩት፤ ሄደ።

«ያለፈው ጊዜ የተረፈ ፍላጂል አለኝ፣ እሱን ልውሰድ?» የሚሉኝን፣ ሲፕሮ በስሙ የሚጠይቁኝን አሁን አላስተናግድም፤ ሁለቱም ተህዋስ የሚገድሉ መድኃኒቶች ናቸው። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጡ አይደሉም። አንዳንዱ ተቆጥቶ ጎረቤት መድኃኒት ቤት ይሄዳል። ይሂድ።

አሁን ፖስታው ላይ ከመጠኑ በፊት የማን እንደሆነና ዕድሜውን እጽፋለሁ፤ «ለአባት፣ 60» «ለራሷ፣ ጡት ታጠባለች» እያልኩ። ስትሪፑንም ስሙ ካለበት ወገን እቆርጣለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ሐሙስ ሐሙስ ወረፋው ይረዝማል፣ ባለቤቱም መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎት ነበር። ታሪኩን ስነግረው ዝም አለ።

ባለፈው ክረምት ተለማማጅ ልጅ ተመድቦልን ነበር፤ ፈጣንና ጎበዝ። አንድ ጎልማሳ ዝናብ ሸሽቶ ገባና «የሆድ ማስቆሚያ ስጠኝ ወንድሜ፣ መኪና እንዳያመልጠኝ» አለው። ልጁ ስትሪፑን አውጥቶ መቀሱን አነሣ። መቀሱ ላይ እጄን ጫን አደረግኩ፤ ምንም አልተናገርኩም። ልጁ ወደ እኔ አየና ወደ ሰውዬው ዞረ።

«ለማን ነው ጋሼ?»

«ለልጄ ነው። ዘጠኝ ወሯ ነው።»

ልጁ መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከተተ። ከመደርደሪያው ሁለት ከረጢት ኦአርኤስና ዚንክ አወረደ፤ «እንደምትጠጣና ደም እንደሌለው መጀመሪያ ይንገሩኝ» አለ፤ ሰውዬውም ጃንጥላውን አጥፎ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።