አንዲት ቃል ሥራዬ ብዬ ስይዝ

የማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አዋቂዎች ናቸው። ሹፌር አለ፣ ነርስ አለች፣ ሱቅ ያላቸውም አሉ። አንድ ማታ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ተማሪዬ የሥራ ማመልከቻ ቅጽ ይዘው መጡ። ቅጹ ላይ «ወርክ»፣ «ጆብ» እና «ታስክ» የሚሉ ቃላት በየቦታው ተጽፈዋል።

«ቲቸር፣ ሦስቱንም ሥራ ብለሽ ነው ያስተማርሽን። ታዲያ ፈረንጁ ለምን ሦስት ጊዜ ይጠይቀኛል?» አሉኝ።

«ያው ተመሳሳይ ናቸው ጋሼ» ብዬ አለፍኩ። ቤቴ ስገባ ግን መልሴ ከነከነኝ። ሰውየው እውነተኛ ጥያቄ ነበር የጠየቁኝ። ስለዚህ «ወርክ» የምትለዋን ቃል ለሦስት ሳምንት ሥራዬ ብዬ ያዝኳት።

መጀመሪያ የተሳሳተ መንገድ ሄድኩ። መዝገበ ቃላት ከፍቼ ትርጉሞቿን በቁጥር ዘረዘርኩ። ሁለት ገጽ ሞላ። ክፍል ወስጄ አስጻፍኳቸው፤ በሳምንቱ ስጠይቅ ማንም አላስታወሰም። ከዚያ ዝርዝሩን ትቼ እኛ በአማርኛ «ሠራ» የምንልባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉ አደረግኩ። ቤት ሠራ። ወጥ ሠራች። ፀጉሯን ተሠራች። ስልኩ አይሠራም። መድኃኒቱ ሠራልኝ። ይሄ ቲኬት ነገ አይሠራም። አንዱ ከኋላ «ሠራልህ!» አለ፣ ጓደኛውን ተታለልክ ለማለት። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ጎን እንግሊዝኛውን ጻፍን። ስልኩ፣ መድኃኒቱና ቲኬቱ ላይ «ወርክ» ልክ እንደኛው «ሠራ» ገጠመች። ቤቱ፣ ወጡና ፀጉሩ ላይ ግን አልገባችም፤ እዚያ እንግሊዝኛው ሌላ ግስ ይፈልጋል። አንድ ሰሌዳ ሁለቱን ገጽ አሸነፈው።

የጋሼ ጥያቄም እዚያው ግማሽ መልሱን አገኘ። «ወርክ» እንደ ውኃ ናት፣ አትቆጠርም። «ጆብ» ይቆጠራል፤ አንድ፣ ሁለት ይባላል። እኛ «አንድ ሥራ አገኘሁ» ስለምንል ብዙ ተማሪ «ኤ ወርክ» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝኛ አንባቢ ይህን ሲያይ የሚመጣበት ሥዕል ወይም ድርሰት ነው። የሰዓሊ ሥራዎች እንደምንለው ማለት ነው። ደመወዝ የሚከፈልበትን መቀጠሪያ ስትፈልጉ «ጆብ» በሉ። ይህቺን ብቻ አጥብቄ ባስተምር ኖሮ ስንት ማመልከቻ በዳነ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወደ ሥሩ ወረድኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቃል አመጣጥ ስትፈልጉ ጆሯችሁን አትመኑ። «ወርክ» እና «ወርቅ» ሲሰሙ መንትያ ይመስላሉ፤ ክፍል ውስጥም «ሥራ ወርቅ ነው ለማለት ነው» ያለ ነበር። ደስ ይላል፣ ግን ዝምድና የላቸውም። «ወርቅ» የሴም ቋንቋዎች ልጅ ናት። «ወርክ» ደግሞ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዌዎርክ» ትባል ነበር፤ ከጀርመንኛው «ቬርክ» ጋር እህትማማች ናት። ዝምድና የሚታወቀው ድምፆች በሥርዓት ሲገጣጠሙና የድሮ ጽሑፍ ሲመሰክር ነው።

ድሮ ያለፈ ጊዜዋ «ወርክድ» አልነበረም፣ «ሮት» ነበር። ዛሬ በአብዛኛው በመዶሻ የተቀጠቀጠ ብረት ስም ላይ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ሠሪውም «ራይት» ይባል ነበር፤ መርከብ ሠሪ፣ ጋሪ ሠሪ። በ1903 እ.ኤ.አ. አውሮፕላን ያበረሩት የራይት ወንድማማቾች የቤተሰብ ስማቸው ትርጉሙ ሠሪ ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን እጄን አጨበጨብኩ።

ከዚያ በላይ ደግሞ የግሪኩ «ኤርጎን» አለ። የ«ወርክ» የሩቅ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ጥንታዊ ሥር የወጡ ናቸው። «ኢነርጂ» ውስጥ አለ። የቀዶ ሕክምና የእንግሊዝኛ ስም «ሰርጀሪ» ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የእጅ ሥራ ነው። እና ጊዮርጊስ! «ጌ» ምድር ነው፣ «ኤርጎን» ሥራ። ጊዮርጊስ ማለት በግሪኩ ምድርን የሚሠራ፣ ገበሬ ማለት ነው። ስንት ዓመት ፒያሳ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሳልፍ ተሳልሜያለሁ፤ ስሙ ውስጥ ሞፈርና ቀንበር እንዳለ አላውቅም ነበር።

«ገበሬ» የሚለው ቃል ራሱ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ነሳኝ። የሰፈራችንን መሪጌታ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ገብረ ማለት ሠራ ማለት ነው። ግብር ሥራ ነው» አሉኝ። ዛሬ የሐዋርያት ሥራ የምንለው መጽሐፍ በግዕዝ ግብረ ሐዋርያት ነው። ተግባር፣ ምግባር፣ ግብረ ገብ፣ ገበሬ ሁሉም ከአንድ ቤት ናቸው። «ሥራ» የምንለው ደግሞ «ሠርዐ» ከሚለው ግዕዝ የመጣ ነው፤ አደራጀ፣ መልክ አስያዘ እንደማለት። «ሥርዓት» ወንድሙ ነው።

አሁን «ታስክ»ን እዩልኝ። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ የመገመት፣ ግብር የመጣል ቃል ነው። ማለትም «ታክስ» እና «ታስክ» ወንድማማች ናቸው። እንግሊዝኛ ከግብር ተነስቶ ሥራ ጋ ደረሰ። እኛ «ግብር» ብለን ከሥራ ተነስተን ቀረጥ ጋ ደረስን። ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁ አንዱን መንገድ ከሁለት ጫፍ ሄዱበት። ጌታ የጣለው ሥራም፣ ጌታ የጣለው እህልም ያው ሸክም ስለነበር ይመስለኛል። «ታስክ» እስከ ዛሬ ያንን ሽታ ይዟል፤ ሰው ሰጥቶህ ጨርሰህ የምታስረክበው ቁራጭ ሥራ ነው። ለጋሼ የቅጹን ሦስተኛ ጥያቄ ያብራራሁላቸው በዚህ ነው፤ «እዚህ ጋ በየቀኑ ምን ምን ታስረክባለህ ነው የሚሎት» አልኳቸው።

ያልተስማማሁበት ትርጉም አንድ ብቻ ነው፣ የፊዚክሱ። ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ በ1829 መጽሐፉ ሥራን በጉልበትና በርቀት ብዜት ለካው። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን አንድ ሜትር ብታነሱ 196 ጁል ገደማ ሠርታችኋል። ይዛችሁት ቀጥ ብላችሁ ብትቆሙ ግን ሥራችሁ ዜሮ ነው። ቀመሩ ለማሽን ልክ ነው፣ አልከራከርም። የቦኖ ወረፋ ላይ ጀሪካን አዝላ የቆመች ሴት ግን ሥራ አልሠራሽም ብትባል ምን እንደምትል አስቡት። ለክፍሌ ይህን ስነግር ቃሉ አንድ ቢሆንም እንደየቤቱ ሌላ ሰው እንደሚሆን ቶሎ ገባቸው።

ደግሜ ብጀምር የዝርዝሩን ሳምንት እዘለዋለሁ። ከዓረፍተ ነገር እጀምራለሁ፤ ከዚያ የቃሉን ዘመዶች፣ በመጨረሻ ሥሩን። መሪጌታንም በመጀመሪያው ቀን እጠይቅ ነበር። የእንግሊዝኛው ቃል መልስ ግማሹ ከቤቴ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ነበር።

የመጨረሻው ማታ የአባቱ ስም ገብረ ጊዮርጊስ የሆነ ተማሪ ወደ ሰሌዳው ጠራሁ። ስሙን ጻፈ። በጠመኔ ሦስት ቦታ ከፈልነው። «ገብረ»፣ ከግዕዙ የሥራ ግስ የወጣ፣ አገልጋይ። «ጊዮ»፣ ምድር። «ርጊስ»፣ ሥራ፣ የ«ወርክ» የአክስት ልጅ። ልጁ ትንሽ ቆሞ አየው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሰሌዳውን ፎቶ አነሳና «ለአባቴ ልልከው ነው» አለ።