ለ86ቷ ጎማ ስመርጥ

ዛሬ ግማሽ ቀኔ ጎማ ቤት አለቀ። የቶዮታ 86 መኪናዬ የኋላ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቋል። ባለፈው በዝናብ ኩርባ ላይ ኋላዋ ሸርተት ሲል ልቤ ቀጥ ነው ያለችው።

ሻጩ ትሬድዌሩ (ጎማው ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ የሚያሳየው ቁጥር፤ ሲያንስ ቶሎ ያልቃል) 200 የሆነውን ካልወሰድክ አለኝ። ደረቅ አስፋልት ላይ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፣ እውነቱን ነው። ግን እኔ ውድድር አልገባም። የምነዳት እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ዝናብም ቢሆን። እንዲህ ያለው ጎማ ቶሎ ያልቃል፤ ውሃ የሚያስወጣበት ቦይም ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ለአራቱም እግር 300 የሚለውን የሰመር (የበጋ ሙቀት) ጎማ መረጥኩ። ልኩ ያው 215/45 ባለ 17 ነው።

ከመገጠሙ በፊት ጎንበስ ብዬ ጎኑ ላይ ያለውን የዶት (DOT) ቁጥር አየሁ። የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። ሦስቱ 1225 ይላሉ፣ የ2025 12ኛ ሳምንት ማለት ነው፤ አንዱ ግን 3819፣ የ2019። «አዲስ እኮ ነው፣ አልተነዳም» አለኝ ሻጩ። ባይነዳም መጋዘን ውስጥ ዓመታት ሲቆይ ላስቲኩ ይደርቃል። እምቢ ብዬ አስቀየርኩት።

ኅዳር ላይ ግን ይወልቃሉ። የሰመር ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይጠጥራል፣ መሬት አይዝም። የብርድ ጊዜ ጎማዎቼ ጋራዥ ውስጥ ተደርድረው ይጠብቃሉ።