ፓኖራማው የቱ ጋ ነው ብዥ ያለው?

ፓኖራማ፣ ማለትም ጎን ለጎን ከተነሱ ፎቶዎች የሚሠራ አንድ ሰፊ ምስል፣ አገጣጥሞ "ብዥ አለብኝ" የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው "የቱ ጋ?" ብዬ ነው። ካሜራው ምን ዓይነት ነው፣ ሌንሱ ስንት ተገዛ የሚለው በኋላ ይደርሳል። ከዳር እስከ ዳር ብዥ ያለ ፓኖራማ ብዙም አይገጥመኝም። አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ትንሽ፣ እዚያ ጋ ትንሽ ነው። ምክንያታቸው ደግሞ አንድ አይደለም። ለአንዱ የሚሆነው መፍትሔ ሌላው ላይ ምንም አይሠራም። ጀማሪ ሰው የሚሰለቸውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ዘዴ ያነባል፣ ይሞክራል፣ ለውጥ የለም፣ በቃ ካሜራው ነው ብሎ ይተወዋል።

የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን እንጦጦ ወጥታ አዲስ አበባን ከግራ እስከ ቀኝ አንስታ መጣች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ካሜራው የጓደኛዋ ነው፤ 24 ሜጋፒክስል፣ ሌንሱም አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሚሊሜትር። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ላከችልኝና ከሥሩ "ጋሼ፣ ሲገጣጠም ለምንድን ነው የሚበላሸው? ላፕቶፔ ነው?" ብላ ጻፈች።

ላፕቶፗ አይደለም። ግን ቴሌግራም ላይ ቆም እንበል። ፎቶን እንደ ፎቶ ከላካችሁት ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋልም። ጎኑ 6000 ፒክስል የነበረ ምስል ሲደርስ ሌላ ምስል ሆኗል። በዚያ ላይ ካሜራው ፎቶው ውስጥ የጻፈው መረጃ፣ ማለትም በስንት ሚሊሜትር ተነሳ፣ ሹተሩ ስንት ነበር (ለስንት ሴኮንድ ተከፈተ) የሚለው ሁሉ ይጠፋል። ሁጊን የሚባለው ነጻ የፎቶ ማገጣጠሚያ ፕሮግራም ላይ ስከፍተው "ሌንሱ ስንት ሚሊሜትር ነው?" ብሎ ያፋጠጠኝ ለዚህ ነው። በግምት የሞላ ሰው ገና ከጅምሩ የተሳሳተ ሌንስ ሰጥቶታል ማለት ነው። "እንደ ፋይል አድርገሽ ላኪልኝ" አልኳት። ዳታ በላባት እንጂ ላከች።

ከዚያ የተገጣጠመውን ወደ ጎን አድርጌ ዋናዎቹን ፎቶዎች አንድ በአንድ ከፈትኩ። መቶ ፐርሰንት አጉልቼ። ከዚህ የሚቀድም ሥራ የለም። ፓኖራማው ላይ ብዥ ያለውን ቦታ ያዙና ያው ቦታ ዋናው ፎቶ ላይ ምን እንደሚመስል እዩ። ዋናው ላይም ብዥ ካለ የትኛውም ፕሮግራም አያድነውም፤ ችግሩ የተፈጠረው ስታነሱ ነው። ዋናው ላይ ጥርት ብሎ ፓኖራማው ላይ ከተበላሸ ደግሞ ጉዳዩ ያለው አገጣጠሙ ላይ ነው። ይህቺ ብቻ ግማሹን ጥያቄ ትመልሳለች።

የእሷ ላይ ሦስት ቦታ ነበር። ሦስቱም የተለያዩ ሆነው አረፉት።

መሀል ላይ ያለው ቀላሉ ነው። አንዱ ፎቶ እንዳለ ለስልሷል። የንግድ ባንክ ረጅሙ ሕንፃ መስኮቶቹ አይለዩም። ፎቶው ጥግ ላይ ግን አንዲት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አለች፤ ቅጠሏ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ካሜራው በራሱ ፎከስ ሲያደርግ ከተማውን ትቶ እሷን ያዘ። ከግራና ከቀኝ ያሉት ፎቶዎች ጥርት ያሉ ስለሆኑ ሲገጣጠም መሀሉ ላይ የጉም መጋረጃ የወረደ ይመስላል። ይህ የማይድነው ዓይነት ነው። መከላከል ግን ቀላል ነው። ሩቅ ያለ ሕንፃ ላይ ፎከስ አድርጉ፣ ከዚያ ሌንሱ ጎን ያለችውን ማብሪያ ከአውቶ ወደ ማኑዋል አዙሩ፣ እስክትጨርሱ ድረስ ቀለበቱን አትንኩ። ዙሙንም እንደዚያው። ብርሃኑንና ዋይት ባላንሱንም (የቀለሙን ሚዛን) በማኑዋል አስሩት፤ እነሱ ብዥታ አያመጡም፣ ግን መገጣጠሚያው ላይ ቀለም ይከፍላሉ።

አፐርቸር፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ፣ ላይ ሰው ይጨነቃል። ኤፍ 8 በቂ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። እንዲህ ያሉት ሌንሶች ሙሉ ተከፍተው ጥጋቸው ይለሰልሳል። "ሁሉም ነገር ጥርት ይበል" ብሎ ኤፍ 22 ላይ ማድረስም አይሆንም፤ ብርሃኑ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ራሱ ይበተንና ሁሉንም እኩል ያለሰልሰዋል። ሹተሩ በእጅ ለሚያነሳ ሰው ከ1/125 ሴኮንድ ባይዘገይ ጥሩ ነው። እየዞሩ መጫን የለም። ዞር፣ ቆም፣ ጫን።

አሁን ወደ ግራው እንሂድ። ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

ግራ በኩል ከታች የእንጨት አጥር አለ፤ ከቆመችበት ሁለት ሜትር ቢርቅ ነው። ፓኖራማው ላይ የአጥሩ ቋሚ ሁለት ሆኗል፤ አንዱ ደህና፣ አንዱ ጥላ የመሰለ። አግዳሚው እንጨት ደግሞ ተቆርጦ ትንሽ ወረድ ብሎ ይቀጥላል። ሁለት ክንድ ነጠላ ጥለቱ ሳይገናኝ እንደተሰፋ ማለት ነው። ዋናዎቹን ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው። ግን የመጀመሪያው ላይ ቋሚው ከባንኩ ሕንፃ በስተግራ ነው የቆመው። ሁለተኛው ላይ በስተቀኝ! ፕሮግራሙ ምን ያድርግ? ሕንፃውን ካገናኘ አጥሩ ሁለት ይሆናል። አጥሩን ካገናኘ ሕንፃው ሁለት ይሆናል።

ይህ ፓራላክስ የሚባለው ነው። ሰው ካሜራ ይዞ ሲዞር የሚዞረው በገዛ ወገቡ ነው። እጁ ተዘርግቶ ስለሆነ ካሜራው መዞር ብቻ ሳይሆን ቦታም ይቀይራል። በቁጥር እንየው። በሁለት ፎቶዎች መሀል ካሜራው 10 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ሄደ እንበል። በዚህ ካሜራ፣ በ18 ሚሊሜትር፣ ሁለት ሜትር ላይ ያለው አጥር ከ200 ፒክስል በላይ ይንሸራተታል። 5 ኪሎ ሜትር የራቀ ሕንፃ ግን የአንድ ፒክስል አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከተማው ያለምንም ችግር ይገጥማል፣ አጥሩ ይበላሻል። እንጦጦ ላይ ከአጥሩ አለፍ ብሎ የቆመ ሰው ይህን ችግር በሕይወቱ ላያየው ይችላል። ቤት ውስጥ ወይም ጎንደር ፋሲል ግቢ ግንቡ ሥር ሆኖ የሚያነሳ ሰው ግን አያመልጠውም፤ ሁሉም ነገር ቅርብ ነው።

መፍትሔው ካሜራውን በሌንሱ ዙሪያ ማዞር ነው። ሌንሱ ውስጥ አንድ ነጥብ አለ፤ ካሜራው በዚያ ነጥብ ላይ ከዞረ ቅርቡና ሩቁ እርስ በርስ አይንሸራተቱም። ብዙዎች ኖዳል ፖይንት ይሉታል። ትራይፖድ ካላችሁ ፈልጉት። ቅርብ ያለ ቋሚና ሩቅ ያለ ቋሚ በአንድ መስመር አድርጉ፣ ካሜራውን ግራ ቀኝ አዙሩ፣ ቋሚዎቹ ከተለያዩ ካሜራውን ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ አድርጋችሁ ድገሙት። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ የትራይፖድ ጭንቅላት አለ፤ ለጀማሪ ግን ብር ማባከን ነው የሚመስለኝ። በክር ይሠራል። ሌንሱ ላይ ክር እሰሩ፣ ጫፉ ላይ ብሎን አንጠልጥሉ፣ መሬት ላይ ቆርኪ አስቀምጡ። ከዚያ ብሎኗ ከቆርኪው ላይ ሳትለቅ እናንተ በካሜራው ዙሪያ በእግራችሁ ዙሩ። ሰው ቆሞ ያያችኋል። ይየው።

ቀኙ ዳር ሌላ ጉድ ነው። ዋናው ፎቶ ጥርት ያለ፣ ድርብ መስመር የለ፣ ግን ሕንፃዎቹ በአግድም ተለጥጠው ለስልሰዋል። ጠየቅኳት። ሕንፃዎቹ ቀጥ እንዲሉ ብላ ሬክቲሊኒየር የሚለውን፣ ማለትም ቀጥታ መስመርን ቀጥ እንዳለ ጠፍጣፋ ላይ የሚዘረጋውን አዘረጋግ፣ መርጣለች። የእሷ ፓኖራማ 120 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። በዚህ ዓይነት አዘረጋግ ከመሀል 60 ዲግሪ ሲርቅ ምስሉ በአግድም አራት እጥፍ ይለጠጣል። አንዱ ፒክስል የአራት ፒክስል ቦታ ሊሞላ ነው ማለት ነው፤ ቢለሰልስ ምን ይገርማል? ወደ ሲሊንድሪካል፣ ማለትም ምስሉን ሲሊንደር ላይ እንደተጠቀለለ አድርጎ ወደሚዘረጋው፣ ቀየርኩት። ወዲያው ዳሩ ጠራ። ቅርብ ያለ ረጅም ግድግዳ ቢኖር ኖሮ በሲሊንድሪካል ይጎብጥ ነበር፤ ለከተማና ለተራራ ግን ማንም አያስተውለውም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ኮንትሮል ፖይንቶቹን ማጽዳት ነው። ፕሮግራሙ ሁለት ፎቶ ላይ "ይህ ነጥብ ያ ነጥብ ነው" ብሎ የሚያያይዛቸው ናቸው። ጀማሪ ሰው አውቶማቲክ የመረጣቸውን ሳያይ ያልፋል። ሁጊን ላይ በዝርዝር ይታያሉ፤ ከያንዳንዱ አጠገብ በስንት ፒክስል እንደሳተ ተጽፏል። ትልልቆቹን እዩ። የእሷ ላይ የሳቱት የት እንደነበሩ ገምቱ፦ ደመናው ላይ፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል ላይ፣ አጥሩ ላይ። ደመና ይሄዳል፣ ቅጠል ይወዛወዛል። እነሱን አጥፍቶ ሕንፃና የጣሪያ ጥግ ላይ ያሉትን ብቻ አስቀርቶ እንደገና ማስላት ነው። የሌንሱን ጉብጠትም አብሮ እንዲያሰላ ንገሩት፤ 18 ሚሊሜትር ላይ እንዲህ ያሉ ሌንሶች ቀጥታውን መስመር ትንሽ ያጎብጣሉ። የስህተቱ አማካይ ከሁለት ፒክስል በታች ከወረደ እኔ እጄን አነሳለሁ። ዜሮ ካልሆነ ብሎ ሌሊቱን የሚያነጋ ሰው አውቃለሁ። አይረባም።

የሚንቀሳቀስ ነገር ከዚህ ሁሉ ይለያል። መስቀል አደባባይን ያነሳ ሰው ያውቀዋል። ግማሽ ሚኒባስ፣ አንድ እግር ያለው ሰው፣ ከደረቱ በታች የጠፋ ሰው። ፒተር በርትና ኤድዋርድ አደልሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጡት ምስል የማዋሃድ ዘዴ ላይ የተመሠረቱ ፕሮግራሞች፣ ሁጊን የሚጠቀምበት ኤንብሌንድም ከነሱ አንዱ ነው፣ ደቃቁን ዝርዝር በጠባብ መስመር፣ የሰፋውን ቀለምና ብርሃን ደግሞ በሰፊው ያዋህዳሉ። ለሰማይ ግሩም ነው። የመገጣጠሚያው መስመር በሰው መሀል ካለፈ ግን ሰውየው ይከፈላል። ለዚህ ማስክ የሚለው አለ። አንዱ ፎቶ ላይ ሰውየውን ከበብ አድርጎ "ይህ ይቅር" ማለት፣ ወይም ሌላው ላይ "ይህ ይግባ" ማለት። እንዲህ ለማድረግ ግን ፎቶዎቹ በደንብ መደራረብ አለባቸው። ሲሶ ያህል ይደራረቡ። ሲሶ ከሆነ የሌንሱ ለስላሳ ጥግም ከመገጣጠሚያው ይርቃል።

ስለ ስልክ ፓኖራማ የምለው ትንሽ ነው። እየዞራችሁ ቀጫጭን ቁራጭ እያነሳ እዚያው ይገጥማል። ቅርብ ያለ ነገር ይሰበራል፣ መኪና ያጥራል ወይም ይረዝማል። ልታስተካክሉት የምትችሉት የለም፤ ቀስ ብሎ መዞር ብቻ ነው።

አንዳንዱ ብዥታ ደግሞ የማንም ጥፋት አይደለም። በበጋ ቀትር ላይ ከእንጦጦ ቁልቁል ስታዩ አቧራውና የሚንቀጠቀጠው ትኩስ አየር በመሀል አለ። በጠዋት ውጡ፣ ወይም መስከረም ላይ ዝናብ አየሩን ካጠበ በኋላ። "ሻርፕ" የሚለውን ቁልፍ መጨፍለቅ አየሩን አያጠራውም፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ነጭ መስመር ይጨምራል እንጂ።

የአክስቴ ልጅ ላይ የሆነው ይሄ ነው። ቀኙ ተስተካከለ። መሀል ላይ የለሰለሰውን ፎቶ፣ ደግነቱ ጎረቤቶቹ በደንብ ተደራርበውት ስለነበር፣ አብዛኛውን በማስክ አስወጣነው፤ ቀጭን ለስላሳ ቦታ ብቻ ቀረ፣ እሱም ካልነገሯችሁ አይታይም። አጥሩን ከታች ቆርጠን ጣልነው። ወደ 10,000 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል ቀርቷል፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ፒክስል) ሲታተም 85 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። አሁን አክስቴ ሳሎን ይሰቀል ብላለች፣ ልጅቷ ደግሞ እንደገና ወጥቼ ሳላነሳው አይታተምም እያለች ነው።