በአንድ ቤት የዘር ሐረግ ወደ ግሪክ ትራጀዲ የገባሁበት መንገድ

የግሪክን ትራጀዲ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚሰጠው የአማልክት ዝርዝር ነው፤ ዜውስ የመብረቅ፣ ፖሲዶን የባሕር፣ አቴና የጥበብ እያለ የሚቀጥል። እኔ የገባሁት በሌላ በር ነው። አንድ ቤተሰብ መረጥሁ፣ የዘር ሐረጉን በትልቅ ወረቀት ላይ አወረድሁ፣ ከዚያም ያ ቤተሰብ የሚገኝባቸውን ተውኔቶች በእንግሊዝኛ ትርጉም ተራ በተራ አነበብሁ። አማልክቱን የተዋወቅኋቸው በዚያ ቤት ሲገቡና ሲወጡ እያየሁ ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚጋባ ሕዝብ ከዚህ የተሻለ መንገድ ያለ አይመስለኝም። ዝምድናን መቁጠር ከልጅነታችን የለመድነው ነገር ስለሆነ ስሞቹ ባዕድ ቢሆኑም ነገሩ ቶሎ ይገባናል።

የመረጥሁት የአትሬዎስን ቤት ነው። የዘሩ አባት ታንታለስ የገዛ ልጁን ፔሎፕስን አርዶ ለአማልክት በማዕድ አቀረበ። እነርሱም ልጁን መልሰው ሕያው አደረጉት፤ አባትየው ግን በሙታን ዓለም አገጩ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሲጠማ፣ ፍሬ ከተንጠለጠለበት ዛፍ ሥር ሲራብ እንዲኖር ተፈረደበት። የፔሎፕስ ልጆች አትሬዎስና ቲየስቴስ በዙፋን ተጣሉ። ቲየስቴስ ከወንድሙ ሚስት ጋር ተኛ። አትሬዎስም እርቅ አስመስሎ ለግብዣ ጠራውና የገዛ ልጆቹን ሥጋ አበላው። ከአትሬዎስ ወገን አጋሜምኖንና ሜኔላዎስ፣ ከቲየስቴስ ወገን ኤጊስተስ ቀሩ። የሜኔላዎስ ሚስት ሄለን ከእንግዳው ከፓሪስ ጋር ወደ ትሮይ በሄደች ጊዜ ግሪኮች መርከባቸውን ይዘው አውሊስ ላይ ተሰበሰቡ፤ ነፋስ ግን እንቢ አለ። አርጤምስ ተቆጥታለች ተባለና አጋሜምኖን ልጁን ኢፊጌኒያን ሠዋ። ከ10 ዓመት ጦርነት በኋላ ድል አድርጎ ሲመለስ ሚስቱ ክሊቴምኔስትራ በገላ መታጠቢያው ውስጥ በልብስ ጠቅልላ ገደለችው። ልጃቸው ኦሬስቴስ ደግሞ በአፖሎ ትእዛዝ እናቱን ገደለ።

በወረቀቱ ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሁለት ነገር ጻፍሁ፤ ማን በማን እጅ እንደ ሞተና ገዳዩ ለራሱ የሰጠው ምክንያት ምን እንደ ነበረ። ሁሉን ነገር የከፈተልኝ ሁለተኛው ነው። ክሊቴምኔስትራ የልጇን ደም መለሰች። ኤጊስተስ የተበሉትን ወንድሞቹን ደም መለሰ። ኦሬስቴስ የአባቱን ደም መለሰ። አንዳቸውም ያለ ምክንያት አልገደሉም፤ የእያንዳንዳቸውም ምክንያት ለብቻው ሲሰማ እውነት አለው። ክፉ ሰው ደግ ሰውን የሚያጠቃበት ታሪክ ያሳዝናል እንጂ ትራጀዲ አይሆንም። ትራጀዲ የሚጀምረው ሁለት እውነቶች በአንድ ደጃፍ ሲገናኙና አንዳቸውም መንገድ አልለቅም ሲሉ ነው ብዬ ዛሬም አምናለሁ።

ይህን ታሪክ ኤስኪለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 በአቴንስ በሦስት ተከታታይ ተውኔቶች አቀረበው፤ በውድድሩም አንደኛ ወጣ። ሦስተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ አንብቤው አሁንም የማልጠግበው ነው። ኤሪንየስ የሚባሉት የደም ተበቃይ ሴት አማልክት ኦሬስቴስን ያሳድዱታል። አቴና ጉዳዩን ለብቻዋ መፍረድ አልፈለገችም፤ ከከተማዋ ሰዎች ዳኞችን መርጣ በአሬስ ኮረብታ ላይ ችሎት አቆመች። ድምፁ እኩል ለእኩል ሆነና ኦሬስቴስ ነፃ ወጣ። ተውኔቱ ግን እዚያ አያበቃም። የተሸነፉት ኤሪንየስ ምድሩን እንዳይረግሙ አቴና እየደጋገመች ትለምናቸዋለች፤ በመጨረሻም ከከተማው ሥር ማደሪያና ክብር ትሰጣቸዋለች። ደም መላሽነት በፍርድ ሲተካ ቁጣው ራሱ የት ይሂድ የሚለውን ጥያቄ ኤስኪለስ ሳይመልስ አላለፈም። ደመኞች በሽማግሌ ሲታረቁ ያየ ሰው የአቴና ልመና ለምን ያን ያህል እንደሚረዝም ይገባዋል።

ያ ኮረብታ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ጳውሎስ ቆሞ የተናገረበት አርዮስፋጎስ ነው። ይህን ካየሁ በኋላ መጽሐፉን ከተውኔቶቹ አጠገብ አስቀምጬ ማንበብ ጀመርሁ፤ ብዙም ረዳኝ። በምዕራፍ 14 የልስጥራ ሰዎች በርናባስን ድያ (ዜውስ)፣ ጳውሎስን ሄርሜን (የአማልክት መልእክተኛ) ብለው ሊሠዉላቸው ሲነሡ የምናየው፣ አማልክት ሰው መስለው በየቤቱ ይመጣሉ የሚለውን እምነት ነው። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ደግሞ ጁፒተርና ሜርኩሪ፣ ማለት በሮማውያን ስማቸው ዜውስና ሄርሜን፣ ተራ መንገደኛ መስለው በዚያው በትንሿ እስያ፣ በፍርግያ፣ የድሆቹን የባውኪስንና የፊሌሞንን ጎጆ እንዳንኳኩ ይተርካል። በምዕራፍ 26 ሳውል የሚሰማው የመውጊያ ብረትን ስለ መቃወም የተነገረ ቃልም በኤስኪለስ «አጋሜምኖን» እና በዩሪፒደስ «ባካይ» ውስጥ የሚገኝ አባባል ነው። የዚያ ዘመን አንባቢ የእነዚህ ተውኔቶች ቋንቋ በጆሮው ነበር።

ከአትሬዎስ ቤት በኋላ ወደ ቴቤስ፣ ወደ ኤዲፐስ ቤት፣ ወደ ሶፎክለስ «ንጉሥ ኤዲፐስ» ተሻገርሁ። እዚህ ሌላ ዘዴ አስፈለገኝ፤ ምክንያቱም የአቴንስ ተመልካች የኤዲፐስን መጨረሻ ከመቀመጡ በፊት ያውቀዋል። ንግርቱ እንደሚለው አባቱን ላዮስን በሦስት መንገዶች መገናኛ ላይ ይገድላል፤ እናቱን ዮካስታንም ያገባል። ታዲያ ተመልካቹን ወንበሩ ላይ የሚያቆየው ምንድን ነው? በየገጹ ኅዳግ ላይ ማን ምን እንደሚያውቅ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ዓይነ ስውሩ ነቢይ ቲሬስያስ ከመጀመሪያው ያውቃል። ዮካስታ የምታውቀው ከቆሮንቶስ የመጣው መልእክተኛ ሕፃኑን ኤዲፐስን ከእረኛ እጅ እንደ ተቀበለ ሲናገር ነው፤ ኤዲፐስን ምርመራውን እንዲተው ትለምነውና እምቢ ሲላት ወደ ውስጥ ትገባለች። አሮጌው እረኛ ያውቃል፣ መናገር ግን ይፈራል። ከሁሉ በኋላ የሚያውቀው ራሱ መርማሪው ኤዲፐስ ነው። በዚህ ዓይነት ሲነበብ ተውኔቱ ዕውቀት ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እየተሻገረ ወደ ኤዲፐስ ሲቀርብ የምንጠብቅበት ሰዓት ይሆናል።

አርስቶትል ስለ ቅኔ በጻፈው ድርሳን ይህን ተውኔት ደጋግሞ የሚያነሣው በዚህ ምክንያት ነው። የነገሩ መገልበጥና የማንነት መታወቅ በአንድ ቅጽበት ይገጥማሉ፤ መልእክተኛው የኤዲፐስን ፍርሃት ሊያስወግድለት መጥቶ ያንኑ የፈራውን ነገር ይገልጥበታል። ተመልካቹም በርኅራኄና በፍርሃት ይነጻል ይላል። የኤዲፐስ ጥፋት ትዕቢቱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልቀበለውም። ቴቤስን እንቆቅልሽ እየጠየቀች ከምትገድለው ከስፊንክስ ያዳናት የሚጠይቅ አእምሮው ነው፤ ንጉሡን የገደለው ሰው ሳይነጻ በመካከላቸው በመኖሩ ወረርሽኝ ሲገባም ከተማዋን ሊያድን የተነሣው በዚያው አእምሮ ነው። ገዳዩን በሕዝብ ፊት ረግሞ ምርመራውን ጀመረ፤ እርግማኑ በራሱ ላይ እንደሚወድቅ ሲጠረጥርም አላቆመም። ይህን ሰው ዝም ብለን ትዕቢተኛ ካልነው የተውኔቱን ግማሽ ጥለናል።

ስለ ልጁ ስለ አንቲጎኔ ብዙ አልልም፤ የወንድምን ሬሳ መቅበር ለእድርተኛ ሕዝብ ማብራሪያ አያሻውም። ንጉሡ ክሪዮን የሞተውን ወንድሟን ከምድር በላይ ጣለ፣ ሕያዊቱን አንቲጎኔን ደግሞ ከምድር በታች ቀበረ፤ ቲሬስያስ የሚወቅሰው በዚህ ነው።

ትልቁን ለውጥ ያመጣልኝ ግን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። በአቴንስ በዲዮኒሶስ በዓል፣ ከአክሮፖሊስ በስተደቡብ ባለው ተዳፋት ላይ፣ ሁሉንም የመናገር ሚና የሚጫወቱት ጭምብል ያደረጉ ሦስት ወንዶች ነበሩ። ከእነርሱ ሌላ በኅብረት የሚዘምረውና የሚወዛወዘው ኮረስ አለ። እኛም ጓደኛሞች ተሰብስበን ሚናዎቹን ለሦስት ሰው ብቻ አከፋፈልን፤ የቀረነው ኮረስ ሆንን። በወረቀት ላይ ዝም ብለው የሚያልፉ ነገሮች ያን ጊዜ ተሰሙ። ከኤስኪለስ ሦስት ተውኔቶች በሁለተኛው ፒላዴስ የሚባለው የኦሬስቴስ ወዳጅ ከመጀመሪያ ጀምሮ ከጎኑ ይቆማል፣ ግን አይናገርም። እናት ጡቷን ለልጇ አሳይታ ኦሬስቴስ እጁ ሲዝልና «ምን ላድርግ?» ብሎ ሲጠይቀው ብቻ አፉን ይከፍታል። የሚናገረው ሦስት መስመር ነው፤ የአፖሎን ቃል ያስታውሰዋል። የፒላዴስን ድርሻ የያዘው ወዳጃችን ሌላውን ሁሉ በዝምታ አሳልፎ እነዚያን መስመሮች ሲያነብ ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሰዎች ሁላችን ቀና አልን። ዝምታን የድምፅ ያህል የሚጠቀም ጸሐፊ መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ምሽት ነው።

ግድያው ራሱ ከመድረክ ውጭ ይፈጸማል፤ የምንሰማው ጩኸቱን ወይም የመልእክተኛውን ትረካ ነው። የሮማው ሴኔካ ግን ሜዲያ ልጆቿን በተመልካች ፊት ስትገድል ይጽፋል፤ ከእርሱ በፊት ሮማዊው ባለቅኔ ሆራስ ይህ ከሕዝብ ፊት እንዲርቅ መክሮ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ የኔሮ አስተማሪ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ65 በኔሮ ትእዛዝ ራሱን እንዲገድል የተገደደው ሴኔካ የቲየስቴስንም ግብዣ በተውኔት ጽፎታል። የአትሬዎስን ቤት ከግሪኮቹ ተምሬ ወደ እርሱ ስመጣ ያገኘሁት ያንኑ ቤት በጨካኝ ንጉሥ ሥር ከኖረ ሰው ዓይን ነው። የሮማን አማልክት የግሪኮቹ ሌላ ስም ብቻ አድርጎ ማጥናትም አያዋጣም። በሆሜር ዘንድ ዜውስ ልጁን አሬስን ከአማልክት ሁሉ አብልጦ እንደሚጠላው ይነግረዋል፤ የሮማው ማርስ ግን የከተማዋ መሥራች የሮሙለስ አባት፣ የከተማው ታላቅ አምላክ ነው። የቨርጂል ጀግና ኤኒያስም አባቱን አንኪሰስን በትከሻው አዝሎ፣ ልጁን በእጁ ይዞ ከምትነድደው ትሮይ ይወጣል። ሮማውያን ከሰው የሚጠብቁት ለቤት፣ ለአገርና ለአማልክት የሚገባ ታማኝነት በዚያ አንድ ሥዕል ውስጥ አለ። ያ ታማኝነት በካርቴጅ ንግሥት በዲዶ ላይ ምን እንዳደረሰም ቨርጂል አልደበቀም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ መቼም መጠየቁ አይቀርም፤ እኛስ የት ነን? የ«ኦዲሲ» መጀመሪያ ላይ ፖሲዶን መሥዋዕት ሊቀበል ወደ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሄዷል፤ አማልክቱ ስለ ኦዲሲየስ መመለስ ለመምከር ጊዜ ያገኙት እርሱ በሌለበት ነው። ሜምኖን የሚባለው የኢትዮጵያውያን ንጉሥም ለትሮይ ተዋግቶ በአኪሌስ እጅ ወድቋል። ሆሜር የሚላቸው ኢትዮጵያውያን ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት በምድር ዳርቻ የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። የዛሬውን ካርታ በዚያ ላይ መለጠፍ አይገባም እላለሁ፤ ስማችንን በዚያ የክብር ቦታ ማየት ግን ደስ ያሰኛል።

መጀመር ለሚፈልግ የእኔ ምርጫ የሶፎክለስ «ንጉሥ ኤዲፐስ» ነው፤ 1,500 ያህል መስመር ስለሆነ በአንድ ምሽት ያልቃል። ቀጥሎ «አንቲጎኔ»፣ ከዚያ የኤስኪለስ ሦስቱ ተውኔቶች ሳይነጣጠሉ። ዩሪፒደስን ለኋላ ማቆየት ይሻላል፤ ተመልካቹ የለመደውን ታሪክ እየገለበጠ ስለሚጽፍ ልማዱን ያላወቀ ሰው ድፍረቱን አያየውም። «ሜዲያ» ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ቀርቦ ሦስተኛና የመጨረሻ ወጣ። አቴናውያን የሜሎስን ወንዶች ፈጅተው ሴቶችና ሕፃናቱን ለባርነት ከሸጡ ብዙም ሳይቆይ፣ በ415፣ ዩሪፒደስ «የትሮይ ሴቶች» የተባለውን ተውኔት እዚያው በአቴናውያን ፊት አቀረበ። በተውኔቱ የድል አድራጊዎቹ ዘሮች ተቀምጠው የተሸነፉትን እናቶች ለቅሶ ያዳምጣሉ። አሁን ከጓደኞቼ ጋር ጮክ ብለን እያነበብነው ያለነው እርሱን ነው፤ የትሮይን ንግሥት የሄኩባን ድርሻ እኔ ይዣለሁ።