ያው ውህድ፣ ብዙ ቀለም

ተርፒሪዲንና አልካይናይል የሚባሉ የካርቦን ውህዶች ያሰሩትን የፕላቲነም ኮምፕሌክስ (መሐሉ ብረት የሆነ ውህድ) ሁለት ጊዜ ሠርቼ ሁለት ዓይነት ዱቄት አገኘሁ፤ አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ቀይ። የኤንኤምአር (የሞለኪውልን አሠራር በማግኔት የሚያሳይ ምርመራ) ውጤታቸው ግን ቁርጥ አንድ ነው። ቀዩ ቆሻሻ ቢኖርበት ነው ብዬ ሦስት ሳምንት ሳጠራው ከረምኩ። ሲሰለቸኝ ከሁለቱም ቆንጠር አድርጌ አሴቶናይትራይል በሚባል ማሟሚያ ውስጥ ጨመርኩ፤ ሁለቱም ያው ቢጫ ሆኑ። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ መሆን የነበረበት ይኼው ነበር።

ሞለኪውሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራል። ሁለት ፕላቲነሞች ከ3.5 አንግስትሮም (አንዱ የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው) ባነሰ ርቀት ሲጠጋጉ ወደ ላይና ወደ ታች የተዘረጉት ኦርቢታሎቻቸው (ኤሌክትሮኖቹ የሚገኙባቸው ክልሎች) ይገናኛሉ። ያኔ ኤሌክትሮንን ወደ ሊጋንዱ፣ ማለትም ፕላቲነሙን ወዳሰረው ክፍል፣ ለማሻገር የሚፈለገው ጉልበት ይቀንሳል፤ የሚመጠጠውም የሚፈነጥቀውም ብርሃን ወደ ረጅም ሞገድ ይሄዳል። ቢጫው ዱቄት ውስጥ ፕላቲነሞቹ ተራርቀዋል፣ ቀዩ ውስጥ ተጠጋግተዋል፤ ልዩነቱ ይኼው ነው። በሆንግ ኮንግ የቪቪያን ያም ቡድን በ2002 አሴቶናይትራይል ውስጥ የሟሟ እንዲህ ያለ ኮምፕሌክስ ኤተር (ውህዱን በደንብ ስለማያሟሟ ሞለኪውሎቹን የሚያጠጋጋ ፈሳሽ) ሲጨመርበት ከቢጫ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊ እንደሚለወጥ አሳይቷል።

እኔም ልሞክረው ብዬ ኤተሩን በአንድ ጊዜ ገለበጥኩት። ዱቄቱ ተጓጉሎ ታች ዘቀጠ። በማግስቱ እያማሰልኩ ጠብታ በጠብታ ስጨምር መጀመሪያ ምንም የለም፤ ኤተሩ 70 በመቶ ገደማ ሲደርስ ግን አረንጓዴው በድንገት መጣ፣ ጥቂት ቆይቶም ሰማያዊ ሆነ። የኤተሩን መጠን ሳልለውጥ ውህዱን ብቻ አሥር እጥፍ ሳቀጥነው ቢጫው ተመለሰ። ሳሞቀውም እንደዚያው። የተበላሸ ነገር ቢሆን ኖሮ አይመለስም ነበር።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን የአልትራቫዮሌት መብራቱ ነው። ሰማያዊውን ከሥሩ አድርጌ ሳየው ጨለማ ሆነብኝ፤ «ብርሃኑ ጠፍቷል» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ለካ ብርሃኑ ከ750 ናኖሜትር አልፎ ነበር፤ ዓይኔ እዚያ አይደርስም። የምጠቀምበት መሣሪያም ቢሆን በዚያ በኩል ደካማ ነበር፤ ለኢንፍራሬድ የተሠራ ሴንሰር ስገጥምለት የብርሃኑ ጉብታ ግራፉ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

አሁን ከመጠኑ ጋር የጠብታውን ፍጥነት፣ የሙቀቱን ልክና ከቀላቀልኩ በኋላ ስንት ደቂቃ ቆይቼ እንደለካሁ እጽፋለሁ፤ ያደረው ናሙና ከአዲሱ ጋር አንድ ውጤት ሰጥቶኝ አያውቅማ። ቀዩ ጠርሙስ ላይ የለጠፍኩት «ያልጠራ» የሚል ወረቀት ግን እስካሁን አልተነሣም።